ስለ ገበያነሽ ቀይ ክር

ኮልፌ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1976 ዓ.ም.

ውድ አምሐ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ ሲጻፍ እንዲያ ስለሚባል ነው። ማክሰኞ ችሎት ፊት «እርስዎ» ስልህ ዋልኩ፤ ቤቴ ተቀምጬ ስጽፍ ግን አንተ ነህ።

በ1958 ጠርሙሶችህን ይዘህ ቤታችን ስትመጣ የኬሚስትሪ ሰው ነበርክ። ባለቤቴ ገበያነሽ የምትነክረው ቀይ ክር ስንቴ ቢታጠብ እንደማይለቅ ሰምተህ ነው። ሦስት ወር ሙሉ «እትዬ፣ አመዱ የየትኛው እንጨት ነው? ክሩ ስንት ቀን ይዘፈዘፍ?» እያልክ ደብተር ሞላህ። እሷም አልደበቀችህም። «ይጻፈው፤ ስሞት አብሮኝ እንዳይቀበር» አለች።

ሞተች። አንተም ሳይንሱን ትተህ ሕግ ተማርክ። ፈጠራ የማን ነው በሚባል ክርክር ዛሬ የሚስተካከልህ ጠበቃ የለም ይላሉ። ትምህርት ሲደራረብ ኀፍረት እንደሚሳሳ ባንተ አየሁ።

የሸማኔዎቹ ማኅበር «አነካከሩ የኛ ፈጠራ ነው፤ ወልደሰንበት እንዳይነክር ይከልከልልን» ብሎ ሲከሰኝ ጠበቃው አንተ፣ ማስረጃው የማኅበሩ ጥናት ነው ብለህ ያቀረብከው ያ ደብተር!

«አቶ ወልደሰንበት፣ ይህን አነካከር ያገኘው ማን ነው?» አልከኝ።

«እግዚአብሔር ነው።»

«ባለቤትዎ አይደሉም ማለት ነው?»

«ሰው ምን ያገኛል ጌታዬ፤ ገላጩ እሱ ነው።»

«ይመዝገብልኝ! ሚስቱ እንዳላገኘችው ተከሳሹ ራሱ አምኗል። እግዚአብሔር ደግሞ በመዝገቡ ተከራካሪ አይደለም።»

ችሎቱ ሳቀ። ዳኛውም ሳቁ፤ ፈረዱብኝም። አንተ እኮ እንጀራችንን እየበላህ ሰምተኸናል! የእጃችንን ሥራ ሲያደንቁልን «ከኛ አይደለም» እንደምንል ታውቃለህ። አውቀህ ነው ወጥመዱን እዚያ ላይ የዘረጋኸው።

ስንወጣ ጎረቤቴ ገሜዳ «አንተ ወልዴ፣ ልትከራከር ነው ወይስ ልትቀድስ የገባኸው?» አለኝ።

እንዴት እንደምንቅህ አልነግርህም፤ ታውቀዋለህ። የከፋው፣ ንቀቱ ዞሮ እኔንም አገኘኝ። የመጀመሪያው ክር የወጣ ቀን ገበያነሽ ፊቴ አምስት ጊዜ አጠበችው። ውሃው ጠብታ ቀይ አልያዘም። «እየው እንጂ!» አለችኝ። «እግዜር ይመስገን» አልኩና ወደ ሽመናዬ ዞርኩ። ዓይኗን ቀና ብዬ እንኳ አላየሁም። «ጎበዝ አንቺ» ማለት ምን ነበረበት? አንተ ችሎት ላይ የጨረስከውን እኔ ቤቴ ጀምሬው ኖሯል።

ለነፍስ አባቴ ተናዘዝኩ። «እግዚአብሔርን ለማመስገን የሰው ድካም ይካድ ያለህ ማን ነው?» ብለው ተቆጡኝ።

ይግባኝ ብያለሁ። ኅዳር 20 ቀን ችሎት ፊት ማንም ሳይጠይቀኝ ስሟን ከነአባቷ ጠርቼ፣ እሷ ናት እላለሁ። ይፍረዱልኝ አይፍረዱልኝ አላውቅም። ይቅር ልልህም ይገባኝ ነበር፤ ገና አልቻልኩም።

ያን ቀን ግን ቀና ብለህ ስማኝ። እጇ ሲሠራ ያየ ሰው ከኔ ሌላ በዚህ ምድር የቀረው አንተ ብቻ ነህ።

የገበያነሽ ባል፣
ወልደሰንበት