ቁም ሳጥኑ ውስጥ የተደበቀው ሰዓት

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ፤

እንዴት ከረምሽ? እኛ ደህና ነን፤ ልጆቹም ከነተንኮላቸው ደህና ናቸው።

እኔ ሰሞኑን ሥልጠና ላይ ነኝ። «ቦምብ ተጠምዷል» የሚል ስልክ ሲመጣ ፖሊስ ሕንጻውን እንዴት እንደሚፈትሽ ነው የምንማረው። ክፍል ስንገባ መጀመሪያ ምንም አንነካም፤ የሰዓት ቆጠራ ድምፅ ይሰማ እንደሆነ ቆመን አንድ ደቂቃ እናዳምጣለን። ትናንት አሠልጣኙ ሰዓት ደብቆ፣ «ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ ድምፁ የሚመጣበትን ጠቁሙ» አለን። እኔ አጮልቄ የጓደኞቼን ጣት አየሁና ወደ ቁም ሳጥኑ ጠቆምኩ። «አንበሳ!» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ከሰኞ ጀምሮ ጥሪ ሲመጣ ቀድሞ የሚገባው እኔ እንድሆን መደበኝ። ባለቤቴ በኩራት ለጎረቤቱ ሁሉ አወራች። እኔም ፈገግ አልኩ።

ባለፈው ስትደውዪ መሀል ላይ የዘጋሁብሽ ስልኩ አስቸግሮኝ ነው፤ አትቀየሚኝ። ስልክ ጠጋኝ ጋ ወስጄው ነበር። ጆሮው ላይ ለጥፎ አዳመጠና፣ «ጋሼ፣ ስልክዎ እኮ ምንም አልሆነም» ብሎ ሳይፈታው መለሰልኝ።

ለማንኛውም ከእንግዲህ ጻፊልኝ እንጂ አትደውዪ። ከባለቤቴ ጋር ስታወሪም የስልኩን ነገር አታንሺባት፤ አደራ።

እስክንገናኝ ጤናሽን ጠብቂ።

የሚወድሽ ወንድምሽ