የቅዳሜ ፈንዲሻሽ

ውድ አዛዤ፣

እንደምን አለሽ እንዳልል መልሱን ከማን እሰማለሁ? እኔ አለሁ፤ መኖር ከተባለ። የስፌት መኪናው ይሠራል፣ ልጃችን በየሳምንቱ ብቅ ትላለች። ቁልፍ የምትተክዪበት ወንበርሽ መስኮቱ ሥር እንደነበረ ነው። ደንበኛ ሊቀመጥበት ሲል «እግሩ ተሰብሯል» እለዋለሁ። ወንበሩ ግን ደህና ነው።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ሱቁን ስዘጋ ጨዋታሽ ትዝ አለኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙረሽ ታስቀምጪኝና ፈንዲሻው ድስት ውስጥ ሲንጣጣ አንቺ ቅመምሽን ትወቅጫለሽ። ትኩሱን ከቅመሙ ጋር በወረቀት ከረጢት ከተሽ እንደ እርጎ ትንጪዋለሽ፤ ከዚያ አንድ እፍኝ አፌ ውስጥ። «ገምት!» እኔ ደግሞ መች ገምቼ አውቃለሁ? የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ ሲሆን «ዝንጅብል» እላለሁ፤ ቀረፋና ካካዎ ሲሆን «አርሯል መሰለኝ» እላለሁ። ሎሚና ቁንዶ በርበሬ ያደረግሽበት ቀን ብቻ፣ ቁንዶው ስላሳለኝ፣ ግማሹን አወቅኩት።

እርድ የነሰነስሽበትን ቀንስ ትረሺዋለሽ? ጣቴን ሳልታጠብ የአንድ ሙሽራ ደንበኛችንን ነጭ ሸሚዝ ይዤ ኮሌታው ላይ ቢጫ አውራ ጣት አተምኩበት። እኔ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ስል፣ አንቺ ዓይንሽን በጨው አጥበሽ «የወርቅ ማኅተም ነው፤ ለሁሉም ሰው አናደርግም» አልሽው። ሰውዬው ከት ብሎ ሳቀ። ኮሌታውን እስክቀይርለት ድረስም ቁጭ ብሎ ፈንዲሻችንን በላ።

እኔ የማጉረመርመው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ጨው አንሶታል።»

«ጨዉማ አለ፤ ምላስህ ነው የሸመገለው» ትዪኛለሽ። አመንኩሽ። ራስሽም ከዚያው ከረጢት እየዘገንሽ ስትበዪ ምን ብዬ ልጠርጥር?

ካንቺ በኋላ ቅመም የማዋሃድ ልብ አጣሁ። ጨው ብቻ ነሰነስኩበት፣ ደህና አድርጌ። በሌላውም ምግብ እንደዚያው። ባለፈው ሳምንት ስፌት መኪናው ላይ እንዳለሁ ራሴን አዞረኝና ልጃችን ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ሐኪሙ የደም ግፊቴን ለክቶ ፊቱ ተለወጠ። «እቤትዎ ምን የተለወጠ ነገር አለ?» ሲለኝ «ሚስቴ ሞተች» አልኩት። ሌላ የተለወጠ ነገር አላውቅም ነበር።

ስንመለስ ልጃችን መንገድ ላይ ቆም አለች።

«አባዬ፣ ያኔ ሐኪም ቤት ጨው ተው ስትባል "ጨው ትቼ ከምኖር በልቼ ልሙት" ብለህ ስትፎክር፣ እማዬ ሰማችህ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጨው በልተህ አታውቅም። ያ ሁሉ ቅመም፣ ያ ሁሉ ገምት ገምት፣ እንዳይታወቅህ ነው።»

«እሷስ? እሷ ጨው ነፍሷ አይደለም እንዴ?»

«ለብቻዬ ጨው ያለበት ብሠራ ይነቃብኛል ብላ አብራህ ተወችው። ሆስፒታል ተኝታ ምን ላምጣልሽ ስላት "ጨው የበዛበት ፈንዲሻ፤ አባትሽ ሳያይ" አለችኝ።»

«አመጣሽላት?»

«አመጣሁላት። ግን መዋጥ አቅቷት ነበር። ጨዉን ብቻ ከጣቴ ላይ ላስ አደረገችና ሳቀች።»

አላፊ አግዳሚው እያየኝ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ተቆጥቼሻለሁም። እኔ እኮ ተጫዋች ሚስት አለችኝ ብዬ ነበር ደስ የሚለኝ፤ ለካ አንቺ እየቀለድሽ ነፍሴን ትጠብቂ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ሳላመሰግንሽ «ጨው አንሶታል» እንዳልኩ ሄድሽ። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

ዛሬ በሁለት ሳህን ሠራሁ። የኔው ሎሚና ቁንዶ በርበሬ ነው፤ እየሳልኩ እበላዋለሁ። መድኃኒቴንም ውጫለሁ፣ ልጅሽ ምስክር ናት። ያንቺው ወንበርሽ ላይ ነው። ጨው አብዝቼበታለሁ። ብዪ እንግዲህ፣ ማንም አያይሽም፤ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬያለሁ።

ምላሱ የሸመገለው ባልሽ