ከአራተኛው ጀምሪ ስላልኩበት ጉዳይ

ለተከበሩ የንባብ ቤታችን ኃላፊ፣
በቾ ቦሬ፣ ጅማ

እኔ ዋቅጅራ ፊጤ ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። እንጨቴን ራሴ እፈልጣለሁ፣ ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ፣ እዚሁ ጅማ መርካቶ ደርሼ በእግሬ እመለሳለሁ፤ ይህንንም ደብዳቤ የጻፍኩት ራሴ ስለሆንኩ የፊደል ግድፈት ቢያገኙ የኔው ነው። ጤናዎ እንዴት ነው? ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ነበሩና፣ ስብሰባ የማያደክመው ጉልበት አምላክ እንዲሰጥዎ ዘወትር እለምናለሁ።

አንደኛ፣ የልጅ ልጄ ሄርሜላ ሰዎች በጀልባ ከጨረቃ ወደ ጨረቃ የሚሄዱበትን «የጨው ጨረቃ» የሚባል ባለ አምስት ክፍል ልብ ወለድ ልታነብ ንባብ ቤትዎ መጣች። አምስተኛው ክፍል ከአንደኛው በፊት የሆነውን ስለሚተርክ፣ የቱ ይቅደም ብላ ጠየቀች። እርስዎም የነገሩን ክብደት ተረድተው ኮሚቴ አቋቋሙ፤ ኮሚቴው እስኪወስን ድረስም ሠራተኛ ለአንባቢ አንዳች እንዳይመክር በማስታወቂያ ከለከሉ። ለጥንቃቄዎ ምስጋናዬ ወደር የለውም። በኦሮምኛም ልድገመው፤ ገለቶማ።

ሁለተኛ፣ ማስታወቂያው ፀሐይ እስኪያነጣው ተለጥፎ ቆየ። ልጅቷ መጠበቅ ሰለቻትና እኔን ጠየቀች። እኔ ያነበብኩት መጽሐፍ ቅዱስን ብቻ ነው። ጌታን የተቀበልኩ ጊዜ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ከዮሐንስ ጀምር አሉኝ፤ ከወንጌሎቹ አራተኛው ነው፤ ጀመርኩ፣ ተጠቀምኩም። ስለዚህ ከአራተኛው ጀምሪ አልኳት። ሠራተኛዋ ልያ መጽሐፉን ስትሰጣት ፊቷ ቅር እንዳላት ያሳብቅ ነበር፤ ግን ተከልክላለችና ዝም አለች። እኔም አላውቅም ማለት አልሆነልኝም።

ሦስተኛ፣ በአራተኛው ክፍል ጀግናዋን ያሳደገቻት አሮጊት ቀዛፊ ትሞታለች። ሄርሜላ ሞቷን ቀድማ አንብባ ወደ አንደኛው ስትመለስ፣ አሮጊቷ ገና በሕይወት አለች፤ ትቀልዳለች፣ ትቆጣለች። ልጄ ያንን መጽሐፍ ይዛ ብቻዋን መቀመጥ አበዛች። እኔ መጀመሪያ ሄጄ ንባብ ቤቱ በር ላይ በልያ ጮህኩባት። ከዚያ ሄርሜላ ዘንድ ገብቼ፣ ታሪኩ የተበላሸብሽ በኃላፊው ጥፋት ነው ልል ጀመርኩ። እሷ ግን አስቆመችኝ።

«አባባ፣ እንደምትሞት ስላወቅሁ እሷ ያለችበትን ገጽ ቀስ ብዬ ነው የማነበው። የእማማን ግን እርስዎ ደበቁብኝ።»

እማማ የምትላት ሟች ባለቤቴን ወርቂቱን ነው። ሐኪሙ እንደማትተርፍ ነግሮኝ ነበር። እኔ ግን ለልጅቷ፣ ለገና ድና ትመጣለች አልኳት። እሷም አመነችኝና አያቷ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ከጓደኞቿ ጋር ገመድ ስትዘል ከረመች። ለዚያ ኮሚቴ አልተቋቋመም፤ ብቻዬን ወሰንኩ።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ ክሴ ሊሞላልኝ አልቻለም። እርስዎ ማወቅ ያለብዎትን ሳያውቁ ዝም አሉ፤ እኔ እያወቅሁ ዝም አልኩ።

ራሴ የምከፍላቸው ዕዳዎች እነዚህ ናቸው። ለልያ ይቅርታ። ለሄርሜላ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ፣ ወርቂቱም በመጨረሻ ሳምንቷ ልጅቷ ለምን እንደማትመጣ ስትጠይቀኝ ምን ብዬ እንደመለስኩላት፣ አንድም ሳላስቀር። ለወርቂቱ የሚከፈለውን አላውቅም፤ እሱንም ቢሆን በሌላ ሰው ላይ አላሳብብም።

የኮሚቴዎን ውሳኔ በሕይወት ሳለሁ አያለሁ ብሎ ተስፋ ያልቆረጠው፣ በትዕግሥትዎ ብዛት ትዕግሥትን የተማረው፣ አክባሪዎ
ዋቅጅራ ፊጤ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጥበቃው እንደነገረኝ ከኮሚቴው አባላት መካከል መጽሐፉን ገልጦ ያየ የለም። ማንበብ ቢያምርዎ ከየት እንደሚጀመር ሄርሜላን ይጠይቋት፤ ትነግርዎታለች። እኔን ግን አይጠይቁኝ።