የእናታቸው ስም ለጠፋባቸው ኃላፊ

ለክቡር አቶ ምንይሉ
የወረዳችን የባህል ቅርስና መረጃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የረሱትን የይለፍ ቃል እንዲያስታውሱ በትሕትና ስለ መለመን

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ እያልኩ እጅ እነሣለሁ። በተለይ ራስዎን እንዴት አድርጎዎታል? በዚህ ዕድሜዎ እንዲህ ያለ መርሳት ደኅና ምልክት አይደለም ስለሚባል፣ እኛ የዘመሮ ሰዎች ደጅ በሳምን ቁጥር አእምሮዎ እንዲመለስልዎ እየለመንን ነው። በየስብሰባው ከሚያጨበጭቡልዎ አዳዲስ ሰዎች ብዛት የተነሣ ዘንግተውኝ እንደሆነ፣ እኔ የምሥራች ነኝ፤ የአንደኛ ደረጃ መምህርት፣ ባለፈው ጥቅምት ያረፉት የድጓ መምህር የመሪጌታ ኪዳነ ወልድ ልጅ።

ወደ አቤቱታዬ ከመግባቴ በፊት ሳልቀልድ የማመሰግንዎ አንድ ነገር አለ። አባቴ ከመምህራቸው በቃል የተቀበሉትን የክረምት ድጓ አካሄድ የዜማ ምልክቱን አድርገው ሳይጽፉት ዐይናቸው ጠፋ። እርስዎ ይህን ሰምተው ታብሌት አመጡ፣ ድምፃቸውም በ፳፻፰ ክረምት ሃምሳ ሁለት ጊዜ ተቀረጸ። አባቴም መሣሪያውን በእጃቸው እየዳሰሱ መርቀውዎታል። ምርቃቱ ለምን እንዳልያዘልዎ እስከ ዛሬ አይገባኝም። እነሆ አቤቱታዎቼን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ታብሌቱ የሕዝብ ንብረት ስለሆነ ድምፁ የሚቀመጥበት አካውንት በኃላፊ ስም መከፈት አለበት ብለው በስምዎ ከፈቱት። አባቴ ስድሳ ዓመት የደከሙበትን ዜማ እርስዎ በሁለት ደቂቃ ባለቤት ሆኑበት። በዓመቱ ሪፖርትም ጽሕፈት ቤቱ በኃላፊው ብርቱ አመራር ሃምሳ ሁለት ዜማዎችን እንዳፈራ ተነበበልን። አባቴ በሪፖርቱ ውስጥ «አንድ አዛውንት» ተብለው በመጠቀሳቸው ቤተሰባችን የተሰማውን ኩራት በቃላት መግለጽ አልችልም።

፪ኛ/ አባቴ ካረፉ በኋላ፣ ገና አርባቸውን እንዳወጣን፣ እኛ ቤት ያለው ታብሌት በድንገት የይለፍ ቃል ጠየቀ። እርስዎ ዘንድ ብመጣ ረስቼዋለሁ አሉኝ። መርሳት በማንም ይደርሳል፤ በእርስዎ ግን በኮሚቴ ደረሰ። ሰባት ሰው ያለበት የይለፍ ቃል አስታዋሽ ኮሚቴ አቋቋሙ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፣ ሰብሳቢና ጸሐፊ ተመረጠ። ኮሚቴው ኔትወርክ ፍለጋ በመንግሥት መኪና ጓሳ ድረስ ወጥቶ በግ አርዶ ተመለሰ። ከዚያም አካውንቱ የእርስዎ መሆኑን ሦስት ምስክሮች የፈረሙበት፣ ክብ ማኅተም ያረፈበትና ግልባጩ ለአራት መሥሪያ ቤቶች የተጻፈ ደብዳቤ ፎቶ ተነሥቶ ባሕር ማዶ ላለው የአካውንቱ ድርጅት ተላከ። ድርጅቱ ማኅተምዎን አይቶ አለመደንገጡ ያሳዝናል። የመለሰው ነገር ቢኖር፣ አካውንቱን ሲከፍቱ የሞሉትን አንድ ጥያቄ ይመልሱ የሚል ብቻ ነበር። ጥያቄውም የእናትዎ ስም ማን ነው የሚል ነው።

እውነቱን ልንገርዎ፣ ያን ቀን ከደስታዬ ብዛት አለቀስኩ። ከዓለም ጥያቄ ሁሉ የቀለለው እርስዎን ገጠመዎት ብዬ ነበር።

፫ኛ/ ኮሚቴው እናትዎ ራሳቸው ቀርበው ስማቸውን ያስረዱ ብሎ ሲወስን በአንዲት ቃል እንኳ አልተቃወሙም። ወይዘሮ አየለች ከሞላሌ በአይሱዙ ተጭነው መጡ። ልጃቸው ቢሮው ሲጠራቸው የመጀመሪያቸው ነውና የክት ልብሳቸውን ለብሰው ነበር። በሰባት ሰው ፊት ቆመው ስማቸውን ተናገሩ፣ ተጻፈ፣ ታብሌቱ ትክክል አይደለም አለ። ጸሐፊው ምናልባት የክርስትና ስማቸው ይሆናል አለ። የክርስትና ስም እንዲሁ ለማንም የሚነገር እንዳልሆነ እርስዎም የአገሩ ልጅ ነዎትና አይጠፋዎትም፤ እሳቸው ግን ለልጃቸው ሲሉ ወደ ጸሐፊው ጆሮ ተጠግተው ነገሩት። እሱም ትክክል አይደለም ተባለ። ያን ጊዜ እናትዎ፣ ያጠፉት ነገር ያለ ይመስል፣ ጉባኤውን ይቅርታ ጠየቁ። እርስዎም ከወንበርዎ ሳይነሡ ምንም አይደለም ብለው ይቅር አሏቸው። እንዲህ ያለ ቸርነት ከአንድ ልጅ ሲወጣ ሳይ ዕድሜዬን ሁሉ ያየሁት ደግነት ቀለለብኝ።

ከዚህ በኋላ ቁጥር መስጠቱን ትቼዋለሁ፤ የቀረው አንድ ነገር ነውና።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ አልረሱም። አካውንቱ በተመረቀ ዕለት ዐይነ ስውር አባቴን እየመራሁ አዳራሽ ስደርስ ጭብጨባው ሊያባራ ነበር። ምን ተገኘ ብዬ ብጠይቅ፣ የእናት ስም የሚለው ቦታ ላይ ሲደርሱ በክብር እንግድነት የተቀመጡትን የዞን አለቃዎን እናት ስም እንደ ሞሉ፣ ለእኔም እናቴ ናቸው እንዳሉ፣ አለቃዎም ተነሥተው እንዳቀፉዎት ተነገረኝ። እኔ ከመድረሴ በፊት ስሙ በግድግዳው ላይ በፕሮጀክተር ሰፍቶ ሲታይ ሰማንያ ሰው አንብቦ አጨብጭቧል። ኅዳር ላይ ግን እኚያ አለቃ በተሐድሶው ግምገማ ከሥልጣን ወረዱ፣ የሄዱበትንም የሚነግረኝ አላገኘሁም። በማግስቱ ስሙ ከእርስዎ ጠፋ፣ ከሰማንያውም ሰው ጠፋ። በመጀመሪያው ረድፍ ተቀምጠው መዳፋቸው እስኪቀላ ያጨበጨቡት አምስቱ ዛሬ የአስታዋሽ ኮሚቴው አባላት ናቸው። ደጃቸውን እየዞርኩ ብለምን፣ አንዱ ያን ቀን አሞኝ ነበር አለኝ፣ ሌላው መነጽሬን ቤት ረስቼ ነበር አለኝ፣ ሦስተኛው ጭራሽ አዳራሹ የት እንደሆነ ጠየቀኝ።

ስለዚህ እናትዎን ከሞላሌ ሲያስመጡ ታብሌቱ ምን እንደሚል ያውቁ ነበር። እያወቁ አቆሟቸው። የወረደ ሰው ወዳጅ ነበርኩ ከማለት የወለዱኝን ሴት ሁለት ጊዜ ትክክል አይደለም ማስባል ይሻላል ብለው መረጡ።

የእኔ ጉዳይ ግን ይህ አይደለም። ድርጅቱ አካውንቱ እስከ ግንቦት ሠላሳ ካልተከፈተ ከነያዘው ይሰረዛል ብሎ ጽፏል። ሰኔ ሃያ ስድስት ክረምት ይገባል። ዲያቆን ዮሴፍ ከአባቴ እግር ሥር ዘጠኝ ዓመት ተቀምጦ የያዘው የክረምቱን እኩሌታ ነው፤ የቀረውን ከዚያ ድምፅ ሊለቅም ነበር። ሌላ የሚያውቀው ሰው የለም፣ የሚያውቁት አባቴም አፈር ለብሰዋል። እኔም ብሆን የአባቴ ድምፅ ከጆሮዬ እየራቀኝ ነው። እሑድ ዕለት ላስታውሰው ብዬ ብቀመጥ የመጣልኝ ሳላቸው ብቻ ነው። ይህን ስጽፍ ያመኛል፣ በእርስዎም ላይ የምናገረው ክፉ ሁሉ ከዚህ ሕመም የወጣ ነው፤ ስለዚህ አልጸጸትበትም።

የምለምንዎ አንድ ስም ነው። በኮሚቴ ፊት መናገር ካሳፈረዎ በብጣሽ ወረቀት ጽፈው በቤቴ በር ሥር ያስገቡልኝ፤ ሳነብ አቃጥለዋለሁ። አዲሱ አለቃዎም የእናታቸውን ስም እንዲጠቀሙበት ሊፈቅዱልዎ ስለሚችሉ ከዚህ የሚያጡት ነገር የለም።

ሥልጣንዎ ከትዝታዎ የረዘመ ዕድሜ እንዲኖረው እየተመኘሁ፣ ለዋሉልን ውለታ ሁሉ በዚህ ዓለም መክፈል ስለማልችል ለወዲያኛው ያቆየሁልዎ፣ አክባሪዎ

የምሥራች ኪዳነ ወልድ
ዘመሮ፣ ግንቦት ፲፰ ቀን ፳፻፱ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ገልብጬ ሳበቃ እናትዎ ወይዘሮ አየለች ቤቴ መጡ። ጸሐፊው ሕሊናው አላስችለው ብሎ ነገሩን ሁሉ ነግሯቸው ኖሯል። ስሙን እሳቸው ያውቁታል፤ ለአለቃዎ እናት ስጦታ ለሚሆነው ባና፣ ለሱፍ ብርድ ልብሱ፣ ሱፉን ያስፈተሉት እሳቸውን ስለነበር፣ ለማን እንደሆነ በስም እየነገሯቸው አንድ በጋ ሙሉ ፈትለዋል። በስልኬ ኢንተርኔት ስሙን ታብሌቱ ላይ ሞላሁት፣ ተከፈተ። ሃምሳ ሁለቱም አሉ፤ ዲያቆን ዮሴፍ አሁን ከጎኔ ሆኖ እየገለበጠ ነው። ስለዚህ ልመናዬን አንሥቻለሁ፣ ደብዳቤውን ግን አልቀደድኩትም። የእናት ስም የሚለውን ላስተካክልና የእሳቸውን ልጽፍ ብል ወይዘሮ አየለች እጄን ያዙኝ። እንዲህ ብለሽ ጻፊለት ብለው አዘውኛልና ቃላቸውን ሳልጨምር ሳልቀንስ አደርሳለሁ፦ የጻፈው አይነካ፤ እናቱ እሷ ናት፤ እኔ የሞትኩ ዕለት መርዶ እንዳትነግሩት።