የተራራው ሥር

ለማከብርሽና ለምኮራብሽ ልጄ፤ ሰላምታዬ ከተራራው ብርድ ቀድሞ ይድረስሽ። እኛ፣ ምስጋና ለፈጣሪ፣ አለን።

የላክሽልኝን የምድር ውስጥ ምስል በምመራው ምክር ቤት ፊት ዘርግቼ አሳየሁ። የርዕደ መሬትን ሞገድ ተከትላችሁ፣ ተራራው ወደ ታች የሰደደው ሥር ከሚታየው ቁመቱ እንደሚልቅ ማግኘታችሁን ሳስረዳ፣ ያ በክርክር የማይረታው አባል እንኳ «ክቡር ሰብሳቢ፣ ልጅዎ ዛሬ አፌን አስያዘችኝ» አለ። በዚህ ዕድሜዬ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

እናትሽ ደግሞ በኩራት ከእኔ ትብሳለች። ሰኞ ለሆዷ አልትራሳውንድ ልትነሳ ስትተኛ፣ «ሰው ሲራመድ የርዕደ መሬት መቅረጫችን ይረበሻል» ያልሻትን አስታውሳ፣ በኮሪደሩ የሚያልፈውን ሁሉ «ቁሙ! ኮቴያችሁ ምስሌን ያበላሻል!» ብላ አስቆመች። ባለሙያዋ «እማማ፣ የእኛ መሣሪያ እኮ የተራራ አይደለም» ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ መሣሪያውን አንድ ቦታ ላይ ደጋግማ አመላለሰችና ዋናውን ሐኪም ጠራች። እኔንና እናትሽን «ሐሙስ ሁለታችሁም ኑ» ብለውናል።

እናትሽ «ልጄን ሥራ እንዳታስፈታት» ብላ አስምላኛለች፤ ስለዚህ ነይ አልልሽም። መንገዱ ግን ተጠግኖ ተከፍቷል፤ የአጎትሽም መኪና ረቡዕ ወደዚህ ሲመጣ በአንቺ በኩል ያልፋል። አልጋሽን እናትሽ ራሷ አንጥፋዋለች።

ሥራሽ ይባረክ፤ ዓይንሽን ለማየት ያብቃን።

አባትሽ