የደከመውን ወርዋሪ ማን ያስወጣዋል?

ታድዬ፣ የኔ ሆድ፣

እዚህ በሰው አገር፣ የካትሌሆንግ ብርድ ተመልሶ መጣ፤ ከተለያየን ዓመት ሞላን ማለት ነው። ደህና ነን ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ ግን መቼም አንተን ዋሽቼህ አልሆነልኝም። ፈርቻለሁ። በሽታው እንደገና ተነስቷል። በየመንገዱ የሐዘን ድንኳን ይተከላል። የአምቡላንስ ድምፅ በሰማሁ ቁጥር የያዝኩትን ዳቦ አስቀምጬ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ።

አንተ ከሄድክ በኋላ ታናሽ ወንድምህ ተመስገን የኮዝሞ ሲቲውን ሱቅ ለጓደኛው ትቶ እኔ ዘንድ መጣ። አሁን የሱቃችን መስኮት ላይ የሚቆመው እሱ ነው። የጓዳዋን ክፍል ለእሱ ለቅቄ እኔ ከዕቃው መሃል እተኛለሁ። ፍርግርጉ ላይ ላስቲክ ወጥረን ዳቦውንም የስልክ ኤርታይሙንም በታች ባለችው ቀዳዳ እናቀብላለን። የቤዝቦል ጨዋታ ሳጥንህ ከዱቄቱ በላይ እንደተቀመጠ ነው። ተመስገን አይነካውም፤ ካርታና ዳይስ ለአማኝ አይሆንም ይላል። አንተስ ብትሆን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሊጠይቁን ሲመጡ ዱቄት ጆንያ ስር ትከተው አልነበር?

ሉዶ መስሎህ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ገዝተህ ያመጣህበት ቀን ትዝ ይለኛል። ሁለታችንም ቤዝቦል በዓይናችን አይተን አናውቅም። በበሽታው ምክንያት ሁሉም ነገር ሲዘጋ ግን ሌላ ምን ነበረን? መመሪያውን ከስልክህ መዝገበ ቃላት ጋር እየታገልክ አንብበህ አስረዳኸኝ። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል፤ እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱ ካርታ አለው፣ ምን እንደሆነ የሚነግረን ዳይሱ ነው። ስለ ድካም የሚናገረውን ገጽ ዘለነው ኖሮ ለሳምንታት አንድ ወርዋሪ ብቻ ስናስወረውር ከረምን። አንተ "ረጅሙ" ያልከውን ሰውዬ ጠዋት ማታ ታስወረውረው ነበር፤ እውነተኛ ሰው ቢሆን ክንዱ ተገንጥሎ ይወድቅ ነበር።

ገጹን ስናገኘው አኮረፍክ። ለካስ ወርዋሪው ስንት ዙር እንደሚችል ካርታው ላይ ተጽፏል። ያንን ካለፈ ዳይሱ ለመቺው ያደላል፤ ዛሬ የወረወረ ደግሞ የሚቀጥሉትን ጨዋታዎች ማረፍ አለበት። አንተ ግን ረጅሙን ማስወጣት ሞትህ ነበር። "አንድ መቺ ብቻ ልጨርስ" እያልክ እስኪደበድቡት ድረስ ታቆመዋለህ። ስለዚህ የቤታችንን ሕግ አወጣን። ባለቤቱ የራሱን ወርዋሪ ድካም አያይም፣ ስለዚህ ፊት ለፊት የተቀመጠው ይቁጠርለት። በየዙሩ እኔ ያንተ ካርታ ላይ፣ አንተ የኔ ላይ አንዳንድ ቦሎቄ እናስቀምጣለን። ቦሎቄው ሲሞላ ፊት ለፊት ያለው "ውጣ" ይላል፤ ከዚያ በኋላ ክርክር የለም። በእጅጌህ ቦሎቄ እየጠረግህ ስትሰርቅ የማላይህ ይመስልህ ነበር።

እኔን በሽታው ሲይዘኝ ከእኔ በፊት ያወቅከው አንተ ነህ። መስኮቱ ላይ ቆሜ ፊቴን አየት አደረግህና ቁልፉን ከእጄ ወስደህ "ሙሌ፣ ውጪ" አልከኝ። የጨዋታው መስሎኝ ሳቅሁ። ጓዳ አስገብተህ በሩን ዘጋህብኝ፣ ምግቤን ደፉ ላይ እያስቀመጥክ ከማለዳ እስኪመሽ ብቻህን ቆምክ። በበሩ በኩል ደንበኞችን "ሳውቦና" ስትል እሰማለሁ። ቆየት ብሎ በሰላምታዎቹ መሃል ሳል ገባ። ስጠራህ "ዛሬን ብቻ ልጨርስ" ትላለህ። እኔ ከበሩ ወዲህ፣ አንተ ከበሩ ወዲያ፤ ከፊትህ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። ተነስቼ ስወጣ በአምቡላንስ ወስደውሃል፤ አልተመለስክም።

በዚህ ሳምንት ደግሞ ተመስገንን ማየት ጀመርኩ። ክርኑን መስኮቱ ላይ ያስደግፋል። ነጭ ዳቦ ለጠየቀው ቡናማ ይሰጣል። ሳሉን ውኃ እየጠጣ ይደብቃል። ደህና ነህ ወይ ስለው ብርዱ ነው ይለኛል፤ ድምፁ ደግሞ ያንተው ቁርጥ ነው። ትናንት ጠዋት አላስቻለኝም፣ ሄጄ ቁልፉን ያዝኩ።

"ተሜ፣ ውጣ።"

"ደህና ነኝ እትዬ። የዳቦው መኪና ይምጣና እገባለሁ።"

"አሁን ውጣ።"

ወንድሜ ቢሆን በቀን ብርሃን መስኮቱን ለሴት ትቶ አይገባም ነበር ብሎ አጉረመረመ። ቢገባ ኖሮ ዛሬ አብሮን ይሆን ነበር አልኩት። ቦታውን ለቀቀልኝና ገባ። እልኸኛነቱን ታውቃለህ፤ ጤነኛው ተመስገን እንዲህ በቀላሉ አይታዘዝም። ይበልጥ ያስፈራኝ እሱ ነው። አብረን ክሊኒክ ሄደን ተመረመረ፣ ውጤቱን ከሁለት ቀን በኋላ እንነግራችኋለን ብለውናል።

ከዚያ ወዲህ መስኮቱ ላይ እኔ ነኝ። ሾርባውን በሩ ላይ አስቀምጬለት እመለሳለሁ፣ ትንፋሹን አዳምጬ እመለሳለሁ። ዛሬ ረፋዱ ላይ፣ ከማዶ ያሉት አሮጊት፣ ሰዉ ሁሉ ጎጎ የሚላቸው፣ ለምድጃቸው ፓራፊን ሊገዙ መጡ። ገንዘቡን ሳይሰጡኝ ጎንበስ ብለው በላስቲኩ ቀዳዳ ፊቴን አዩኝ።

"ኡካቴሌ ሲሲ። ቫላ።"

ደክሞሻል እህቴ፣ ዝጊ ማለታቸው ነው። ሰልፉ ላይ ያሉትን ብቻ ልጨርስ አልኳቸው፤ ከአፌ እንደወጣ ደነገጥኩ። እሳቸው ግን ሰልፈኛውን በዙሉኛ ተቆጥተው በተኑት፣ መዝጊያውን እስካወርድ ድረስም ከቦታቸው አልተነቃነቁም። ሱቃችን ከተከፈተ ወዲህ ሰው ስለደከመ ብቻ በጠራራ ፀሐይ ሲዘጋ ይህ የመጀመሪያው ነው። ተዘግቶ ያየ ሌባ ይሰብረዋል ብዬ እሰጋለሁ። ይስበረው።

አሁን የተመስገን በር ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልህ። ያስላል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ያስላል። ባረፈ ቁጥር እስኪተነፍስ ድረስ እኔም ትንፋሼን እይዛለሁ። ነገ ምን እንደሚሉን አላውቅም። እፈራለሁ ታድዬ፣ በጣም እፈራለሁ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ በስልክ የዓመት መታሰቢያ ጸሎት ያደርግልሃል። ድካም የማያውቅ ሰው ነበር ብለው ሊያመሰግኑህ ነው፣ ተመስገን ነግሮኛል። ክፉ አላሰቡም፣ ስለዚህ አብሬ አሜን እላለሁ። እኔ ግን ደክሞህ እንደነበረ አልረሳም። ሌላ ማንም ያላየልህን ድካምህን፣ በሕይወት እስካለሁ ድረስ፣ እኔ አስታውስልሃለሁ።

ያንተው ሙሌ