ግድግዳው ማዶ ያለው ልጅ

ሐምሌ 18
ዝናብ። ከሚሴ ጭቃ በጭቃ። ባጃጁ አልገባም ብሎ አስፋልቱ ላይ አወረደኝ፣ ትራምፔቴን አቅፌ በእግሬ ገባሁ። እማ ሠላሳ ጊዜ «ከሳሽ» አለችኝ።

ፈተናው ነሐሴ 20 ነው። ሁለት ዓመት ዩኒቨርሲቲው ውስጥ በኮንትራት ትራምፔት አስተማርኩ፣ ዘንድሮ ወይ ቋሚ መምህር ወይ ደህና ሁኚ። አምና ላይኛዋ ድምፅ ተሰበረችብኝ… ያ ሁሉ ፈታኝ እያየኝ! አሁን ግን አንድ ወር ሙሉ አለኝ። ከነገ ጀምሮ ከሚሴን ላነቃንቃት ነው።

ሐምሌ 19
አላነቃነቅኋትም። ጎረቤታችን ሪሀና አራስ ናት። ወንድ ልጅ፣ ሙኽታር፣ ገና ዐሥራ አንድ ቀኑ። ግድግዳችን አንድ፣ ያውም የጭቃ። እማ «አራስ ጎን ልትነፊ?» አለች። አበቃ። እውነቷን እኮ ነው… ግን ፈተናዬስ?

ሐምሌ 22
ከከተማ ወጥቼ ሜዳ ላይ ነፋሁ። ቀኑ የሰንበቴ ገበያ መሆኑን ማን ያስታውሰኝ? በመጀመሪያዋ ድምፅ ወደ ገበያው የሚነዱት ግመሎች ተበተኑ። እስኪሰበሰቡ ከነጂው ጋር ስሮጥ ዋልኩ። አልሰደበኝም፣ ይኼ ምንሽ ነው ብቻ አለኝ። ሥራዬ አልኩት። ያዘነልኝ መሰለኝ።

ሐምሌ 24
አገኘሁት! የእማ ቁምሳጥን! የትራምፔቱን አፍ ብርድ ልብሶቹ መሃል ቀብሬ ነፋሁ። እማ በሳቅ ሞተች። ግን ቀስ ብሎ መንፋት ጮክ ከማለት ይብሳል ለካ፣ ከንፈሬ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፁ ይጠፋብኛል። ደግሞ ለፈተናው የሚያስፈልገኝ ጉልበት ነው። ይኼ ምን ሊጠቅመኝ?

ሐምሌ 29
ሪሀና በግድግዳው ጠራችኝ። ረበሽኩት ብዬ ደነገጥኩ።

«ፋይዛ፣ እንዳታቆሚ! ረፌ… ተኛልኝ እኮ!»

«ረፌ» የእኛ አገር «እፎይ» ነው፤ ልጁ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ ነው ያደረው። ጭብጨባ ለምጃለሁ፣ ሰው አስተኝቼ ግን አላውቅም። ደስታዬን የት ላድርገው? ከነገ ጀምሮ ያለ ብርድ ልብስ፣ ቀስ ብዬ።

ነሐሴ 12
በየቀኑ ከዙህር ሶላት በኋላ ያለቅሳል፣ እጀምራለሁ። ትንሽ ጠንከር ካልኩ ይነቃል። እንዲህ ያለ ጨካኝ አስተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም። ዛሬ ላይኛዋን ድምፅ በሹክሹክታ አወጣኋት። አልተሰበረችም!

ነሐሴ 20
ሦስት ነበርን። ከእኔ በፊት የገቡት ሁለቱ ሲነፉ የኮሪደሩ መስኮት ተንቀጠቀጠ። አለቀልኝ አልኩ። ገባሁ፣ ነፋሁ። ጉልበቴ ከእነሱ ያንሳል፣ አውቀዋለሁ።

ስጨርስ አንዱ ፈታኝ መነጽሩን አወለቀ። «ላይኛዋን ድምፅ ድገሚያት፣ እየቀነሰች እስክትጠፋ።»

አምና የተሰበረችውን! ዓይኔን ጨፈንኩ። ግድግዳው ማዶ ሙኽታር አለ አልኩ። መቼ እንዳለቀች እኔም አላወቅኩም።

ነሐሴ 26
ቋሚ መምህር! አልሃምዱሊላህ! ለእማ ደወልኩ፣ እልልታዋን አቀለጠችው፣ ወዲያው ደግሞ ልጁን ቀሰቀስኩት ብላ ስልኩን ዘጋችብኝ።

ጥቅምት 4
ቋሚ ከሆንኩ የመጀመሪያ ክፍሌ። ዘጠኝ ተማሪዎች፣ ሁሉም ጉልበት ሊያሳዩኝ… ጆሮዬ! መሃል ላይ ሪሀና ደወለች። ከሚሴን ከለቀቅኩ ወዲህ ልጁን የማስተኛው በስልክ ነው፣ ዛሬ ክፍል እንዳለኝ ረስታዋለች። ለቅሶው ክፍሉን ሞላው። ልዘጋው አልኩና… ለምን?

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። የዛሬው ትምህርት ይኼ ነው፣ አስተኙት አልኳቸው። ሳቁ። በየተራ ነፉ፣ ጠንከር ሲሉ እሱም ባሰበት። ቀነሱ። አሁንም ቀነሱ። መጨረሻ ላይ ከኋላ የተቀመጠችው ሚስራ፣ ጓደኞቿ ድምፅሽ አነሰ ሲሏት የነበረችው፣ አንዲት ድምፅ ይዛ እያቀጠነቻት ሄደች። ለቅሶው ቆመ። ዘጠኙም ስልኩ ላይ አጎነበሱ።

«ረፌ» አለች ሪሀና በሹክሹክታ።